የጋሽ ጀብሪል የሥልጣን ዘመን

በወሎ ምድር ያለ ቅሬ የሚቀበር ሰው የለም፤ ያለ ጋሽ ጀብሪል የሚቆም ቅሬም የለም። ሌላው አገር እድር የሚለውን ነው እኛ ቅሬ የምንለው። ጋሽ ጀብሪል የመርሳ ሰው ይሁኑ እንጂ በየቀበሌው አሉ። ግራና ከተማ ብትሄዱ ስማቸው ሲሳይ ሊሆን ይችላል፤ ወልድያ ብትወጡ ሌላ ስም ይኖራቸዋል፤ ሰውዬው ግን ያው ናቸው። አፈሩ ተመልሶ፣ ድንጋዩ ተደርድሮ፣ ለቀስተኛው ወደ ቤቱ ሊል ሲነሳ ከብብታቸው መዝገብ ያወጣሉ። መነጽራቸውን ይጠርጋሉ። ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ።

“ስም ልጠራ ነው፤ ማንም እንዳይንቀሳቀስ!”

ሐዘንተኛው ሳይቀር እንባውን ገታ ያደርጋል።

የቀረ ሰው ቅጣቱ አንድ ሸክም እንጨት ነው። የዘገየም አንድ ሸክም። ስም ሲጠራ ያወራም አንድ ሸክም። “ደንብ ነው፤ እኔ ምን ላድርግ?” ይላሉ የቅሬው ክቡር ዳኛ፣ ደንቡን ራሳቸው ያላረቀቁት ይመስል። አንድ ቀን ባለቤታቸው ነኢማ የእሳቸውኑ የደም ግፊት መድኃኒት ልታመጣ ከመንገድ ተመልሳ ዘገየች። መድኃኒቱን ዋጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ አመሰገኑ፣ ቀጧት። ሌላ ቀን ደግሞ ራሳቸው አረፈዱ። “ጀብሪል!” ብለው ጠሩ። “አለሁ” ብለው መለሱ። “አሁን ነው የሚመጣው?” ብለው ራሳቸውን ተቆጡና ጻፉ። በማግስቱ ሸክሙን አዝለው ሲመጡ ሳቅ ያመለጠው ሁሉ ሌላ ሸክም ተጻፈበት።

ከዚህ ሁሉ ሰው አብዝታ እንጨት የተሸከመችው ቡርቱካን ናት። መናኸሪያው በር ላይ ሻይ ቤት አላት። በመርሳ ሰው የሚቀበረው ደግሞ፣ በእሷ ዕድል፣ ሁልጊዜ የደሴ መኪኖች ተሳፋሪ በሚጭኑበት ሰዓት ነው።

“ጋሽ ጀብሪል፣ አርባ ሰው እንቁላል አዞ ትቼ እንዴት ልምጣ?”

“ሟቹ ግን በሰዓቱ ተገኝቷል” አሏት።

እናቷ እማማ አሰለፈች ግን በአርባ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ቀርተው አያውቁም። ለቅሶ አውራጅ ነበሩ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሲሞት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የሟቹን ሥራ እየጠሩ ካላለቀሱለት ሰውየው በደንብ እንደተቀበረ አይቆጠርም ነበር። ጋሽ ጀብሪል መዝገቡን ገልጠው ለልጅቷ ያሳዩአታል። “ይኸው የእናትሽ ስም። አንድ ምልክት የለበትም። አንቺ ማንን ወጣሽ?”

ከዚያ በሽታው መጣ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። መኪኖች በመጀመሪያ ግማሽ ሰው ብቻ ጫኑ፣ ቀጥሎም ምንም ሰው አልጭን አሉ። ቡርቱካን አግዳሚ ወንበሮቿን ጠረጴዛ ላይ ገልብጣ፣ ለስድስት ዓመት አብራት የሠራችውን አሚናን እያለቀሰች አሰናበተች። በጠዋት አርባ እንቁላል ትጠብስ የነበረች ሴት ሦስት ጠብሳ ሁለቱን ራሷ በላች።

ጋሽ ጀብሪል ግን ሥራ በዛባቸው። አዋጁን የያዘውን ወረቀት ከቀበሌ ወስደው ሦስት ጊዜ አነበቡና አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሱ፤ እስከ ዛሬ የቀረ ሰው ከተቀጣ እንግዲህ የሚቀጣው የመጣው ነው። ዕድሜ ልኩን እንጨት ፈርቶ ወደ ቀብር ሲሮጥ የኖረ ሰው አሁን እንጨት ፈርቶ ከቀብር ቀረ። በሰውና በሰው መሃል በከዘራቸው ይለኩ ነበር። “ሁለት እርምጃ ራቅ። ደንብ ነው።”

የዳኝነት ዘመናቸውም ሰኔ ላይ ያበቃ ነበር። ግን ለምርጫ የሚሰበሰብ ሰው ከአራት ይበልጣል። ስለዚህ ራሳቸውን ጨምረው አራት ሽማግሌ ሰብስበው ሥልጣናቸውን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘሙ። “የአገሩም ምርጫ ተራዝሟል፤ እኛ ከማን በልጠን?” አሉ።

ልብስ ሰፊው ዛኪር፣ ሠርግ ቀርቶበት አፍ መሸፈኛ የሚሰፋው፣ ከስፌት መኪናው ቀና ብሎ፣ “በሽታው ሳንባ ነው የሚይዘው ሲሉኝ ነበር፤ ለካ ወንበርም ይይዛል” አለ።

በዚያው ሰኔ እማማ አሰለፈች አረፉ። በወረርሽኙ አይደለም፤ ታሞ የቆየው ኩላሊታቸው እምቢ ብሎ ነው። ከቄሱ ሌላ አራት ሰው ተፈቀደ። ቡርቱካን፣ አጎቷና ሁለት ቆፋሪዎች ገቡ። ጋሽ ጀብሪል አምስተኛ እንዳይሆኑ ራሳቸውም ውጭ ቀርተው፣ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከዘራቸውን አግድም ይዘው ቆሙ።

ቡርቱካን ከጉድጓዱ አፍ ሆና ትሰማለች። “ኧረ ጋሽ ጀብሪል፣ አሰለፈች እኮ ናት! ልጄን አልቅሳ የቀበረችልኝ!” ይላል አንድ ድምፅ። “አውቃለሁ” ይላሉ። “እንግዲያው ያስገቡኝ።” “ደንብ ነው።” አሥራ ሰባት ሰው መለሱ፤ አሥራ ሰባት ሸክም ጻፉ። ለመርሳ ሟች ሁሉ ያለቀሱት ሴት አንድ ሰው ድምፅ ሳያወጣላቸው አፈር ለበሱ።

ቡርቱካን ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

“እናቴን ያለ ለቅሶ አስቀበሩኝ። ከዚህ ዳኝነት ሳላወርድዎ ብሞት አሰለፈች አልወለደችኝም።”

“ምርጫው ሲደርስ ታወርጂኛለሽ፤ መብትሽ ነው” አሉ ጋሽ ጀብሪል፣ ዓይኗን ሳያዩ። “እስከዚያው ሁለት እርምጃ ራቂ።”

ምርጫው ግን አልደርስ አለ። አዋጁ አብቅቶ ስብሰባው ለጥቅምት መጨረሻ ሲቀጠር በሰሜን ጦርነት ተነሳና ተራዘመ። አዝመራው ይሰብሰብ ተባለና ተራዘመ። ሰኔ ላይ አገሩ ሲመርጥ ቡርቱካን፣ “የእኛስ?” ብላ ጠየቀች። “ክረምቱ ይውጣ” አሏት። ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ ራሱ መርሳ ገባ።

መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንኩ ተዘጋ፣ የመንግሥት ሠራተኛው ወደ ደሴ ሸሸ። አቅም ያለው ሄደ፤ አቅም ያጣው ቀረ። በእነዚያ አምስት ወራት በመርሳ ሳይዘጋ የከረመ መሥሪያ ቤት አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከጋሽ ጀብሪል ብብት ሥር የሚገኘው ነው። ወጣቱ ስለሄደ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው አካፋ ያዙ። ቆፍረው ሲጨርሱ ላባቸውን ጠርገው ስም ይጠራሉ። ሰዎቹም፣ የቀረ ሰው ቢኖር የሚጨነቅለት አንድ ሰው እንዳለ ስላወቁ፣ “አለሁ” ሲሉ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበር።

አንድ ቀን ከሰሜን በእግራቸው ሲመጡ ከነበሩ ተፈናቃዮች አንድ ሽማግሌ መንገድ ዳር ወድቀው ሞተው ተገኙ። አብረዋቸው የነበሩት ቀድመው አልፈዋል። ስማቸውን የሚያውቅ የለም፤ አንገታቸው ላይ ማተብ አለ፣ ግራጫ ኮት ለብሰዋል።

ቡርቱካን ውሃ ይዛ ስትደርስ ዛኪር ከጋሽ ጀብሪል ጋር ይከራከራል። “ቅሬ የሚቀብረው አባሉን ነው። ደንቡ የእርስዎ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ አልጣሱትም። ዛሬ እንዴት ሊያደርጉ ነው?”

ጋሽ ጀብሪል ከአስከሬኑ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መነጽራቸውን ጠረጉ። መዝገቡን ገልጠው እየጻፉ ጮክ ብለው አነበቡ። “ስም፣ አልታወቀም። መለያ፣ ግራጫ ኮት። አባል የሆነበት ቀን፣ ዛሬ።” መዝገቡን ዘጉ። “አባላችን ነው። ከቁፋሮ የቀረ እንጨት ያመጣል።”

ሽማግሌው ተቀበሩ። ግን የሚያለቅስላቸው ሰው የለም። ሴቶቹ ተያዩ። ይህ ሥራ የማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ቡርቱካን እንስራዋን መሬት አስቀመጠችና፣ “የማን አባት ነህ? ማን በር በሩን እያየ ይጠብቅሃል?” ብላ ጀመረች። ድምፁ ከየት እንደመጣ እሷም አላወቀችም። ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ፣ “እናቴ አሰለፈች” አለች፤ ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻለችም። ሴቶቹ ተቀበሏት። ያኔ ከቤተ ክርስቲያኑ በር የተመለሰችው ሲቲ ደረቷን እየመታች፣ “ልጄን ያለቀስሽልኝ” አለች። ከአርባ በላይ ሰው በሰው መቃብር ላይ ለእማማ አሰለፈች አለቀሰ።

ሲያበቃ ቡርቱካን ደነገጠች። ለሌላ ሟች የወጣን ለቅሶ ወደ ራስ ሟች መውሰድ ከባድ ጥፋት ነው፤ ሦስት ሸክም ያስቀጣል። ጋሽ ጀብሪል መዝገቡን አወጡ። መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

“የዛሬው ለቅሶ የሁለት ሰው ነው” አሉ። “የባለ ግራጫው ኮት፣ እና የአሰለፈች። ስም ልጠራ ነው።”

ምርጫው በጥር 2014 ተካሄደ። የሄደው ተመልሶ ስለነበር የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ቡርቱካን ከሁሉ ቀድማ ተነሳች። “ጋሽ ጀብሪል ይውረዱ!”

“ምክንያት?” አሉ ክቡር ዳኛ።

“እግርዎ።”

“እግሬ ምን አጠፋ?”

“አብጧል። አምስት ወር ሲቆፍሩ ከርመው ጫማ አልገባልዎ ብሏል፤ ነኢማ ነግራኛለች። ይረፉልን።”

“እግር በደንቡ ውስጥ የለም! እንዲህ ያለ ምክንያት አልቀበልም!”

“መሐላ አለብኝ፣ ጋሼ” አለች ቡርቱካን ቀስ ብላ።

መጀመሪያ እጇን ያነሳችው ነኢማ ናት። ከዚያ ሁሉም አነሳ። ጋሽ ጀብሪል ድምፁን ራሳቸው ሁለት ጊዜ ቆጥረው፣ መሻራቸውን በሚያምር የእጅ ጽሕፈት መዝግበው፣ መዝገቡን ለአዲሱ ዳኛ ለመምህር ተስፋዬ አስረከቡ። ለሁለት ሳምንት ቡርቱካንን አላናገሯትም።

መምህር ተስፋዬ ደግ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀብር ሦስት ሰው ዘገየ፤ “ችግር የለም፣ ዋናው መምጣታችሁ ነው” አለ። ከኋላ የሚያወሩ ነበሩ፤ ፈገግ አለላቸው። ስም መጥራት ሲጀምር ግማሹ ሰው ወደ ቤቱ መንገድ ጀምሮ ነበር። አንዲት ስልኳ የሚጮኽ ሴት እንኳ “ይቅርታ” ተባለች።

ጋሽ ጀብሪል ተራ አባል ሆነው ከሕዝቡ መሃል ቆመዋል። ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ቡርቱካን ወደ እሳቸው ተጠጋች፤ ትከሻዋ ትከሻቸውን እስኪነካ።

“አብሽሩ ጋሼ” አለቻቸው በጆሯቸው። “ይውጣልዎ፣ ይቆጡ። እኔም መታገስ አልቻልኩም።”