የሽርሽር ዲፕሎማ

ማትሪክ ያለፈ ልጅ ምን ይማር ለሚለው ጥያቄ በዚህ አገር መልስ የሌለው ሰው የለም... ከልጁ በቀር! የሰፈሩ ልብስ ሰፊ ያውቃል፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ያውቃል፣ እግረ መንገዱን ሰላም ሊል የገባ እንግዳ ገና ወንበር ሳይዝ ያውቃል። ልጁን ግን የሚጠይቀው የለም። እኔ ተጠየቅሁ። ጣጣው ሁሉ የመጣውም ስለተጠየቅሁ ነው።

ጊዜው የደርግ ነው፤ ከተማው ናዝሬት። ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ባያስገባም ለኮሌጅ ዲፕሎማ አላነሰም። አባቴ፣ ማለት አባባ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ እኔ ገና ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ፋርማሲ ብለው ወስነው ጨርሰዋል።

"ማርታዬ፣ መድኃኒት ቤት ማለት ጥላ አለው፣ ወንበር አለው፣ በር አለው" ይሉኛል።

እኔን ያስጠላኝ ደግሞ ያ በር ነው። ለምን አትሉኝም? እኛ ቤት ጴንጤ ነን። ያኔ ጴንጤ መሆን ምን ማለት እንደነበር የምታውቁ ታውቃላችሁ። አዳራሻችን ታሽጓል። ጸሎት በየተራ በየሰው ቤት ነው፤ በር ተቆልፎ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ በዚያ በናዝሬት ሙቀት! መዝሙሩ በሹክሹክታ። በሹክሹክታ "ሃሌ ሉያ" ብላችሁ ታውቃላችሁ? አጥንት ጉሮሮው ላይ የቀረበት ሰው ነው የምትመስሉት። የቀበሌ ጥበቃ ካንኳኳ "ልደት ነው" እንላለን። የአንዲት የጎረቤታችን ልጅ ልደት በአንድ ክረምት ያን ያህል ተደጋግሞ ተከበረና ጥበቃው "ይቺ ልጅ እኔን በዕድሜ ሳትበልጠኝ አልቀረችም" አለ አሉ።

የኔ ድምፅ ደግሞ፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አያውቅም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ መዝሙር በተጀመረ ቁጥር የእማዬ መዳፍ አፌ ላይ ነው። እናም የኮሌጁ ሰሌዳ ላይ "የመስክ መዝናኛና የጉዞ መሪነት" የሚል አዲስ ክፍል መከፈቱን ሳይ ሌላውን ማንበብ ተውኩ። መስክ! ግድግዳ የለው፣ መጋረጃ የለው... ተመዘገብኩ።

ክፍሉን የከፈቱት ጓድ ሽመልስ የሚባሉ መምህር ናቸው። ከአንድ ወንድም ሶሻሊስት አገር ተምረው የተመለሱ፣ ቁምጣ ለባሽ፣ እግረ ቀጭን፣ ፊሽካ ከአንገታቸው የማይወርድ የፓርቲ ሰው። "መዝናናት የቡርዧ ብቻ አይደለም!" ይላሉ ጠረጴዛ እየደበደቡ። "ሰፊው ሕዝብም ሐይቅ መቅዘፍ፣ ገደል መውረድ አለበት!" ሰፊው ሕዝብ በዚያ ሰዓት ስኳር ሊሸምት ቀበሌ ሱቅ በር ላይ ተሰልፏል፤ ቢሆንም ሐሳቡ ደስ ይላል።

እቤት ስናገር ግን...

"ምን የሚሉት ትምህርት ነው?" አሉ አባባ።

"የመስክ መዝናኛ።"

"በአማርኛ ንገሪኝ።"

"ሰው ከቤቱ ወጥቶ እንዲዝናና መምራት።"

አባባ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሽርሽር! ሽርሽር ነው የምትማሪው? ለሽርሽር ዲፕሎማ ይሰጣል?"

"ሽርሽር ብቻ አይደለም፤ ድንኳን መትከል፣ በገመድ መውረድ፣ ጫካ ገብቶ ማደር..."

እማዬ ከጓዳ በሩጫ መጣች። "ጫካ አልሽ? ዝቅ አድርገሽ ተናገሪ! ሰው ልጅሽ የት ገባች ሲለኝ ጫካ ገባች ልበል? በማግስቱ ነው ለቅመው የሚወስዱን!"

አልፈርድባትም። ያኔ "ጫካ ገባ" ማለት መሣሪያ አንስቶ መንግሥትን ሊወጋ ሄደ ማለት ነው። እኔ ግን ፈቃድ ተሰጥቶኝ ነው የምገባው ብል ማን ይስማኝ!

ከዚያ ወዲያ አባባ ስለ ትምህርቴ አፋቸውን ዘጉ። ሰው "ማርታ ምን ታጠናለች?" ካላቸው "ደህና ናት" ብለው ይመልሳሉ። "አይ፣ ምን ታጠናለች?" ብሎ ከደገመ፣ "በርትታ ታጠናለች" ይላሉ።

ሁለተኛው ዓመት ላይ የመስክ ልምምድ ደረሰ። እያንዳንዱ ተማሪ ከሰፊው ሕዝብ መካከል ሰው አሰባስቦ፣ አውቶቡስ ተሰጥቶት፣ የቀን ጉዞ መምራት አለበት። የተማሪ ጓደኞቼ ሁሉ እግር ኳስ ተጫዋቾችን ተሻምተው ጨረሱ። እራት ላይ ቁጭ ብዬ "ሰው ከየት ላመጣ ነው?" ብዬ አጉረመረምኩ።

አባባ ሊጎርሱ ያነሱትን መለሱት።

"የስንት ሰው ጉዳይ ነው?"

"አንድ አውቶቡስ።"

"ፈቃድ አለው?"

"የኮሌጁም የቀበሌውም ማኅተም አለበት።"

"ከከተማ ውጭ?"

"ላንጋኖ።"

"እዚያ ደርሶ... ሰብሰብ ብሎ መቀመጥስ ይፈቀዳል?"

"አባባ፣ ሰብሰብ ብሎ መቀመጥማ ግዴታ ነው!"

አባባ እማዬን አዩ። እማዬ አባባን አየች። ከዚያ አባባ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "ማርታ" አሉኝ፣ "ይህ ትምህርት... ጥልቅ ነው።"

በማግስቱ ሰው ተገኘ። ከሙሉ አውቶቡስ በላይ ተገኘ! ጉባኤው በሙሉ በአንድ ሌሊት ተራራ መውጣት የሚወድ ሆነ። ጓድ ሽመልስ ደግሞ ስብሰባ ስላለባቸው አልመጣም ብለውኛል። ምን ቀረ?

በቀጠሮው ጠዋት ሰዉ አውቶቡስ ውስጥ ገብቷል። አባባ ሱፍና ክራቫታቸውን ለብሰዋል፤ ገደል ለመውረድ። እትዬ አስካለ፣ እኚያ ግዙፍ ልብስ ሰፊያችን፣ መጽሐፍ ቅዱሶቹ የታጨቁበት ማዳበሪያ ላይ ተቀምጠው ከሁላችንም በላይ ከፍ ብለዋል። ጋሽ ቶሎሳ ከፊት ናቸው። ጋሽ ቶሎሳ በእምነታቸው ምክንያት ታስረው ሲፈቱ አንድ ጆሯቸው መስማት አቁሞ ነበር፤ እናም ከሁላችን ይልቅ መንሾካሾክ የሚገባቸው ሰው ከሁላችን ይልቅ ጮኸው ነው የሚያወሩት። ሾፌሩ ሞተር ሲያስነሳ በሩ ተከፈተና ቁምጣ ገባ። ከቁምጣው በላይ ፊሽካ።

"ስብሰባው ቀረ!" አሉ ጓድ ሽመልስ። "መጥቼ እራሴ ልገምግምሽ አልኩ።"

እናንተዬ! አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንዴ ትንፋሹን ሲውጥ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ጋሽ ቶሎሳ ብቻ፣ ነገሩ ስላልገባቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው "አካም ቡልተን! እንዴት አደሩ!" ብለው በደስታ ተቀበሏቸው።

ሞጆን እንዳለፍን ጓድ ሽመልስ ወደ ኋላ ዞሩ። "ምነው ዝም አላችሁ? መዝሙር የለም እንዴ?"

እሳቸው የሚሉት የትግል መዝሙር ነው። እኛ የምናውቀው ግን አንድ ዓይነት መዝሙር ብቻ ነው። አባባ ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሉን ትተው ዜማውን ብቻ "ላ ላ ላ" ብለው ጀመሩ፤ ሰዉም ተከተለ። መቂ እስክንደርስ "ላ ላ ላ" ነው።

"ልብ የሚነካ ዜማ ነው! የየት ነው?" አሉ ጓድ ሽመልስ።

"የገበሬዎች ነው" አሉ አባባ፤ በሕይወታቸው የመጀመሪያው ውሸት ሳይሆን አይቀርም። የመጨረሻው ግን አልነበረም።

ዝዋይን፣ ቡልቡላን አልፈን ላንጋኖ ደረስን። የመጀመሪያው ፈተና በገመድ መውረድ ነው። ገደሉ ገደል ለመባል ትንሽ ይቀረዋል፤ ለእትዬ አስካለ ግን አይቀረውም። ወገባቸውን አስሬ "አይዞዎት፣ ወደ ታች አይዩ" አልኳቸው። ወደ ታች አዩ። ከዚያ እዚያው መሐል ላይ ተንጠልጥለው፣ ሐይቁን ሁሉ በሚያናውጥ ድምፅ፣

"ኢየሱስ!"

ጓድ ሽመልስ ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ማንን ነው የሚጠሩት?"

"ኢያሱን!" አልኩ። "ኢያሱ... ልጃቸው ነው።"

"እና ኢያሱ የት አለ?"

አባባ ከኋላዬ፣ "ግንባር ነው" አሉ።

ጓድ ሽመልስ ቆባቸውን አወለቁ። "የጀግና እናት!" ብለው እየሮጡ ወረዱና እትዬ አስካለን በትከሻቸው ደግፈው መሬት አሳረፏቸው። እትዬ አስካለ እንኳን ልጅ ድመት አሳድገው አያውቁም። ቀኑን ሙሉ ግን "የኢያሱ እናት፣ ጥላው ይሻላል"፣ "የኢያሱ እናት፣ ውኃ ይጠጡ" ሲባሉ ዋሉ፤ ማምሻውን ለኢያሱ መናፈቅ ሁሉ ጀምረው ነበር።

ምሳ ግራር ሥር ቀረበ። የተጠበሰ አሳ፣ ዳቦ፣ ቃሪያ። ማንም ማንንም አላዘዘም፤ ልማድ ነው... ሰዉ ሁሉ በአንድ ጊዜ አንገቱን ደፋ፤ ዓይኑን ጨፈነ።

ጓድ ሽመልስ ዳቦውን ወደ አፋቸው እንዳስጠጉ ቀሩ። "ምን ሆናችሁ?"

"የ... የትንፋሽ ልምምድ ነው፣ ጓድ።"

"ከምግብ በፊት?"

"ለጨጓራ ጥሩ ነው።"

"እኔ በተማርኩበት አገር የለም!"

"የአገር ውስጥ ዘዴ ነው።"

አሰቡበት። "ዓይን መጨፈን አለበት?"

"አለበት።"

ዳቦውን አስቀመጡ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ በአፍንጫ እያስገቡ በአፍ ማስወጣት ጀመሩ። ጋሽ ቶሎሳ ይህን ሁሉ ወሬ አልሰሙም። መጀመሪያ ከንፈራቸው ብቻ ተንቀሳቀሰ፤ ቀጥሎ ድምፅ መጣ። ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ፣ ስለ ሐይቁ አመሰገኑ፣ ስለ ሾፌሩ አመሰገኑ፣ እትዬ አስካለን ስለቻለው ገመድ አመሰገኑ። በእስር ቤት ስላሉት ለመኑ። ቀጥለውም ስላሰሯቸው ለመኑ። አሳው ቀዘቀዘ። እኔ በአንድ ዓይኔ መምህሬን አጮልቄ አየሁ፤ በአፍ ማስወጣቱን ትተውታል። ፊታቸው ላይ ያ የሁልጊዜው ጥድፊያ የለም። እናቱ ጉልበት ላይ የተኛ ልጅ ነው የመሰሉት።

ጋሽ ቶሎሳ ጨረሱ። "አሜን" አልን ሁላችን፣ ቀስ ብለን፣ ሳናስበው። ከጎኔ ግን አንድ የማላውቀው ቀጭን "አሜን" ከኛ ዘግየት ብሎ መጣ።

የጓድ ሽመልስ ነበር።

ዓይናቸውን ከፈቱ። እጃቸው አፋቸው ላይ ነው። የአባባ ፊት አመድ ለብሷል፤ የጋሽ ቶሎሳ ሚስት የባሏን ክንድ ይዛለች፤ ዳግመኛ እንዳይወስዱባት ይመስላል። እኔ ፋርማሲ አማረኝ።

"ያን ቃል ማነው ያለው?" አሉ ጓድ ሽመልስ።

አባባ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ "ጓድ፣ ሁላችንም ያልን መሰለኝ" አሉ።

ከሐይቁ በኩል ወፍ ጮኸች። ጓድ ሽመልስ ፊሽካቸውን ከአንገታቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱት።

"ልምምዱ ጥሩ ነው" አሉ። "ግምገማው ላይ ትንፋሽ ተብሎ ይገባል። ትንፋሽ ብቻ።" ከዚያ ዳቦና አሳቸውን ይዘው ተነሱ። "እኔ ሐይቁ ዳር ልራመድ ነው። ቆየት እላለሁ። ነፋሱ ወደዚያ ስለሆነ... እዚያ ሆኜ ምንም አይሰማኝም።"

ነፋሱ ወደ እሳቸው ነበር የሚነፍሰው።

ያን ቀን ዘመርኩ። አፌ ላይ መዳፍ ሳይኖር፣ ሳምባዬ እስኪደክም። እማዬ እያለቀሰች ትስቃለች፤ አባባ ክራቫታቸውን ፈትተዋል። ጓድ ሽመልስ ርቀው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ስንመለስ እስከ ናዝሬት አልተናገሩም።

ሳምንቱ አላለቀም፣ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ገባሁ፤ በሩን ዘጉት። አለቀልኝ አልኩ። የምሰጠውን ቃል በልቤ አዘጋጀሁ፤ ሰዎቹን አላውቃቸውም፣ መንገድ ላይ ነው ያገኘኋቸው፣ ኢያሱም እውነት ግንባር ነው...

"ቀጣዩ ጉዞ መቼ ነው?" አሉኝ።

"ጓድ፣ ልምምዱ አንድ ጊዜ ብቻ..."

"አይበቃም። ክፍሉ ገና አዲስ ነው፤ በየወሩ እንዲሆን ወስኛለሁ።" በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ፤ ወደ እኔ አይዞሩም። "አንድ ሰው የሚሆን ቦታ ይኖራል?"

"ለርስዎ ጓድ? መቼም..."

"ለእኔ አይደለም።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉት፤ እኛ ቤት መጋረጃ ከተጋረደ በኋላ እንደሚወራው ዓይነት። "እናቴ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ልጄን ያስወቅስብኛል ብላ ቤተክርስቲያን መሳም ትታለች።"

ያን ጊዜ ዞሩና፣ የፓርቲ ሰው ፊታቸውን እንደያዙ፣

"ትንፋሽ አጥሯታል" አሉኝ።