የዴሙ ጊዜያዊ አስተዳዳሪ

«ለጊዜው» ብሎ የተቀመጠን ሰው ማንም አያስነሳውም። «ለሁልጊዜ» ብሎ የመጣ አንድ ቀን ይሰለቸዋል፣ ወይ ተጣልቶ ይሄዳል። ለጊዜው ያለው ግን ወንበሩ ላይ ሥር ይሰዳል። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ዕድር፣ የሌለበት ማኅበር፣ የሌለበት መንደር ካለ የቤት ሠራተኛዋ ሉጥፊያ አይታ አታውቅም። ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ላይ ለሷ የደረሷት ክቡር አቶ ያረጋል ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ እንደዋዛ የሚታዩ አልነበሩም።

ከጦርነቱ በፊት አቶ ያረጋል የሚታወቁት በነጻነት ወዳድነታቸው ነበር። በፖለቲካ ተሰደው ከጎጃም የመጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ከሰዓት በኋላ የክብሮም ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ይሰየሙና ዓለምን ነጻ ያወጣሉ። በተለይ የባዕድ ጦር ሰው አገር ከርሞ ሕዝቡን «ገና አልተዘጋጃችሁም» ማለቱ ያንገበግባቸዋል። «ወራሪ ማለት ያልተጠራ እንግዳ ነው!» ይላሉ ጠረጴዛውን እየደበደቡ። «ጦርነቱ ባለቀ ማግስት ጫማውን አጥልቆ መውጣት ነው! ሰው ራሱን ለማስተዳደር ማንን ነው የሚያስፈቅደው?» ስለ ባግዳድ ሲናገሩ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለ ቶክዮ ሲነሳባቸው ክብሮም ብርጭቆዎቹን ቀድሞ ይሰበስባል። ሉጥፊያ አርካዊት ሰፈር ከምትሠራበት ቤት ስትመለስ ይህን እየሰማች «ኧረ ይበሉልን ጋሽዬ!» ትል ነበር። የተማረ ሰው ሐውሻቸው ውስጥ በመኖሩ ትኮራለች።

ሐውሹ ግቢያቸው ነው። ዙሪያውን የኪራይ ክፍሎች፣ መሀሉ ላይ አንድ የኒም ዛፍ፣ ከዛፉ ሥር አንድ ቧንቧ። ነዋሪዎቹ ከአቶ ያረጋል በቀር በሰው ቤት የሚሠሩ የወሎ ሴቶች ናቸው። እነዚህ ሴቶች ማንም ሳያስተምራቸው የራሳቸው መንግሥት ነበራቸው። በየሳምንቱ አንዷ «ባለሳምንት» ትሆናለች። የበሩን ቁልፍ የምትይዘው፣ የውሃ ተራ የምታስከብረው፣ የተጣላ የምታስታርቀው እሷ ናት። ጁምዓ ሲደርስ ቁልፉን ለተረኛዋ በእጇ ታስረክብና «ሳምንቴን ጨርሻለሁ፣ አፉ በሉኝ» ትላለች። ሴቶቹም «አፉ ብለናል» ይሏታል። ቁልፉ በሌላ ሰው አይላክም፤ ከእጅ ወደ እጅ ነው።

ጦርነቱ የመጣው በኒዕማ ሳምንት ነው። ኒዕማ የሉጥፊያ አብሮ አደግ ነች። ሰፈሩ በተኩስ ሲናጥ ሴቶቹን ሁሉ ከበሩ አስወጥታ እሷ መጨረሻ ቀረች። አቶ ያረጋል «በስደት ላይ ስደት አልደርብም» ብለው አልሄድም አሉ። ያኔ ኒዕማ ቁልፉን እጃቸው ላይ አስቀመጠችና «ለጊዜው ይያዙልኝ ጋሽዬ» አለቻቸው። እንግዲህ ይህቺን ቃል እወቁልን።

ሴቶቹ ገዳሪፍ ከተማ ከረሙ። ኒዕማን እዚያው ወረርሽኝ ነጠቃት። ጦርነቱ ከከተማው ርቆ ሰው መመለስ ሲጀምር ሉጥፊያና ጓደኞቿ ዴም ቢደርሱ፣ በየቤቱ በሩ ተነቅሏል፣ የመብራቱ ሽቦ ሳይቀር ከግድግዳው ተመዟል። የእነሱ ሐውሽ ብቻ እንዳለ ቆሟል። አቶ ያረጋል መሣሪያ ይዞ የመጣውን ሁሉ አንዱን በልመና፣ አንዱን በቁጣ፣ አንዱን በታሪክ ትምህርት አድክመው መልሰውት ኖሯል። ሴቶቹ እጃቸውን እየሳሙ አለቀሱ። የኒዕማን መርዶ ሲነግሯቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው ወደ ክፍላቸው ገቡ።

በማግስቱ መግዛት ጀመሩ።

አገዛዝስ እንዲህ ነው! በሩ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ማግሪብ ላይ ይቀረቀራል። እንግዳ ክልክል ነው። ውሃ ለነፍስ ወከፍ አንድ ጀሪካን። ሬሕማ የምትባለው ሳቂታ ልጅ ከት ብላ ስትስቅ ከክፍላቸው «ጸጥታ ይከበር!» የሚል ድምፅ ይመጣል። አንድ ቀን ሉጥፊያ የተሳፈረችበት ሐፍላ፣ አውቶቡሱ፣ ጎማው ፈንድቶ አመሸችና በርክሻ መጣች። አንኳኳች።

«ማነው?» አሉ ክቡርነታቸው ከውስጥ።

«ሉጥፊያ ነኝ ጋሽዬ።»

«የትኛዋ ሉጥፊያ?»

«ከግድግዳዎ ማዶ የምተኛዋ!»

«የዘገየሽበት ምክንያት?»

«የሐፍላው ጎማ ፈንድቶ ነዋ!»

«ምስክር አለሽ?»

የርክሻው ሾፌር አማርኛ ባይሰማም ነገሩ ገብቶት «ወላሂ፣ ወላሂ» እያለ በሩ ላይ ማለላት። ሉጥፊያ ገባች፤ ግን እንቅልፍ አልወሰዳትም። በሰው ቤት ስትላላክ ውላ፣ በገዛ ቤቷ ምስክር! ያንን ሐውሽ ከቧንቧው እስከ ጣሪያው ሲያስተዳድሩ የኖሩት እነሱ አይደሉም እንዴ?

ሲነጋ ሴቶቹን ሰብስባ ሄደች። «ጋሽዬ፣ ኸላስ፣ ጦርነቱ አልቋል። ስለጠበቁልን አላህ ይስጥልን። አሁን ቁልፉን ይመልሱልንና ተራችንን እንቀጥል።»

አቶ ያረጋል መነጽራቸውን ወልውለው «በሒደት ነው» አሉ። «ቅድሚያ ጸጥታ። ከዚያ ውሃው ይስተካከላል። ቀጥሎ እናንተ ትለማመዳላችሁ። ሁኔታው ሲረጋጋ እናየዋለን።»

«ምኑን ነው የምንለማመደው?»

«ራስን ማስተዳደርን።»

ሕፃን በክንድ፣ ድስት በራስ ይዘው ከጥይት መሀል የወጡ፣ ገዳሪፍ ላይ በላስቲክ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር የውሃ ተራቸውን ያላጓደሉ ሴቶች ራሳቸውን ማስተዳደር ሊለማመዱ ነው! ማን ሊያስተምራቸው? ሻይ በሰው እጅ የሚፈላላቸው ሰው!

ነገሩን ለክብሮም ነገረችው። ክብሮም ሻይ ቤቱን እንደገና ከፍቶ ነበርና አቶ ያረጋል ሲሰየሙ ጠብቆ፣ ለዓለም ጉዳይ የተጨነቀ መስሎ ጠየቃቸው። «ለመሆኑ ጋሽ ያረጋል፣ ወራሪ ጦር ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በምን ያህል ጊዜ ነው አስተዳደሩን ለባለቤቱ መመለስ ያለበት?»

የድሮው ነገር አገርሽቶባቸው እጃቸውን ለጠረጴዛው አነሱ። ወዲያው ደረጃው ላይ የቆመችውን ሉጥፊያን አዩና እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

«እንደ ሁኔታው ነው» አሉ።

«ባግዳድስ?»

«ባግዳድ የተለየ ነው።»

«ጫማውን አጥልቆ ይውጣ ይሉ አልነበረም?»

«እኔን ወራሪ ልትለኝ ነው? እኔ ጠባቂ ነኝ!»

«አዳንኩ፣ ጠበቅኩ የማይል ወራሪ እንዳለ ነግረውን አያውቁም» አለ ክብሮም። አቶ ያረጋል ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ።

ይህ ሁሉ ግን ቀልድ ነው። የሉጥፊያን ልብ የሰበረው ሌላ ነው። ለኒዕማ ዱዓ አልተደረገላትም። ገዳሪፍ ላይ አፈር ከማልበስ በቀር ጊዜም ቦታም አልነበራቸውም። አሁን ቤታቸው ገብተዋልና፣ ጎረቤቱም ካላክላ ሰፈር ያሉት የኒዕማ ዘመዶችም ተጠርተው፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ወግ ባለው ዱዓ ሊሸኟት ፈለጉ። ሉጥፊያ ይህንን ልትነግራቸው ሄደች።

«አይሆንም» አሉ አቶ ያረጋል። «ሁኔታው ገና ነው።»

ሉጥፊያ ዕድሜያቸውንም ትምህርታቸውንም ረሳች። «አንተ ሰውዬ!» አለች፣ ሐውሹ ሙሉ እየሰማ። «አትሳቁ አልከን፣ ዝም አልን። እንግዳ አታስገቡ አልከን፣ ዝም አልን። የሞተችብንን እንዳንሸኝ አንተ ማን ነህ? ማን ሾመህ? አምጣ ቁልፉን! አሁን አምጣ!»

አቶ ያረጋል ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ።

«የኔ አይደለም» አሉ።

«ታዲያ የማነው?»

«የኒዕማ ነዋ። በእጇ ነው የሰጠችኝ። አደራ ነው። ሳምንቷን አልጨረሰችም፣ ተመልሳ ልትጨርሰው ነበር። ለእናንተ ከሰጠሁ እኮ አትመለስም ማለት…»

የሉጥፊያ ንዴት ግን የትም አልሄደም፤ መልኩን ነው የቀየረው። «ታዲያ ይህን ላለመናገር ነው ይሄ ሁሉ አገዛዝ?» አለች እያለቀሰች። «የቶክዮን ጉዳይ እስኪመሽ የሚተነትኑ ሰውዬ፣ ኒዕማ ናፈቀችኝ ማለት አቃተዎት? አላህ ይይልዎት! ምስክር አምጪ ከሚሉኝ አብረን ብናለቅስ ምን ነበረበት?»

የሴቶቹ ታላቅ እማ ሀኒፋ በትራቸውን ተደግፈው መጡ። «እኛም ተሳስተናል» አሉ። «ሹመቱን አስቀደምን። ያልተለቀሰላት ሰው ሳምንት እንዴት ይዘጋል? መጀመሪያ ዱዓው ይሁን።»

ጁምዓ ከሰዓት በሩ ተከፈተ። ዴም ግልብጥ ብሎ መጣ፤ ኒሙ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ሻሂና ቴምር ቀረበ። እማ ሀኒፋ ዱዓውን መሩ። አቶ ያረጋል ክርስቲያን ናቸውና ሥርዓቱን አያውቁትም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ የማይባልበት ቦታ ላይ ሳይቀር ከሁሉም በላይ ጮክ ብለው «አሚን» ይላሉ። በመጨረሻ እማ ሀኒፋ «ልጄ ኒዕማ ሳምንቷን ጨርሳለች፣ አፉ በሏት» አሉ። ሐውሹ በአንድ ድምፅ «አፉ ብለናል» አለ። አቶ ያረጋል ቁልፉን ለተረኛዋ ለሉጥፊያ በእጇ ሰጧት፤ ከዚያ መናገር እንደሚፈልጉ በጣታቸው ምልክት አሳዩ።

ሬሕማ «ያ አላህ፣ ባግዳድ ሊጀመር ነው» ብላ አንሾካሾከች። ሰዉም ለረጅም ንግግር ራሱን አመቻቸ።

አቶ ያረጋል ኒሙ ሥር ቆሙ። ወደ ማንም አላዩም።

«ኒዕማ» አሉ፣ «ቤትሽ ደህና ነው።»

ሌላ አልጨመሩም። ሉጥፊያ «አሚን» አለች። ምንጣፉ ላይ ጠጋ አለችና ከጎኗ ያለውን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች። «ይምጡ ጋሽዬ» አለች፣ «እዚህ ከኛ ጋር ይቀመጡ።»