ዘንዶዬን ላበላ ገብቼ ራሴ የተያዝኩበት ጁምዓ

ቪዲዮው የደረሳችሁ እንደሳቃችሁ አውቃለሁ። ሳቁ፤ መብታችሁ ነው።

ላልደረሳችሁ ግን ከሰው አፍ ከምትሰሙት ከኔው ብትሰሙት ይሻላል። ምክንያቱም ሰንበቴ ከተማ ያለችው አክስቴ አሁን ደውላ "እግርሽን ቆረጡት አሉ" እያለች ስታለቅስ ነበር።

እግሬ ደህና ነው። እጄም አለ። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

አዲስ ለመጣችሁ፣ ከድጃ እባላለሁ። ከሚሴ ነኝ። ሥራዬ የእንስሳት ጤና ነው። ላም፣ ፍየል፣ ግመል፣ ዶሮ አክማለሁ። ለብዙ ዓመት ላይክ የምታደርገኝ የሥራ ባልደረባዬ ሰላም ብቻ ነበረች።

ከዛሬ ሁለት ክረምት በፊት አንድ ገበሬ ጨፋ ረግረግ ላይ ሣር ሲያጭድ ያገኘውን የዘንዶ ግልገል በማዳበሪያ ከረጢት ይዞልኝ መጣ። ማጭዱ ጎኑን ቆርጦታል።

"ጃዌ ነው" አለኝ በኦሮምኛ፤ ዘንዶ ማለቱ ነው። "ልገድለው ነበር፣ አሳዘነኝ።"

ቁስሉን ሰፋሁለት። ዳነ። በዳነ ማግስት ወደ ጨፋ መመለስ ነበረብኝ።

አልመለስኩትም። ፎቶውን ለጠፍኩት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በአንድ ቀን የመጣልኝን ላይክ ላም ሳዋልድ ብኖር በሁለት ዕድሜ አላገኘውም። ያኔ ቀበቶ ያህል ስለነበረ ስሙን ቀበቶ አልኩት። አሁን ከኔ ይረዝማል፣ ክንዴንም ያክላል።

እኔም የእባብ አመጋገብ አስተማሪ ሆንኩላችኋ።

ትንሽ ሳለ በየሳምንቱ አይጥ፤ እያደገ ሲሄድ በየሁለት ሳምንቱ ተለቅ ያለ ነገር፤ ግን ከራሱ ወገብ ያልወፈረ። የሞተ እንጂ በሕይወት ያለ አይሰጠውም፤ አይጥ ስትጨንቃት ነክሳ ታቆስለዋለች። በመርዝ የሞተች አይጥ በፍጹም። በረጅም ጉጠት እንጂ በእጅ አይሆንም። ከሁሉም በፊት ደግሞ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ እባብ ከዓይኑ ይልቅ ሽታን ያምናል።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሼር ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ምስክሮቼ ብዙ ናችሁ ማለት ነው።

ነገሩ የጀመረው ከጎረቤታችን ከእትዬ ዘይነባ ነው። ዶሮ ያረባሉ። እኔ የምኖረው አባቴ ግቢ ውስጥ ባለችው የጓሮ ክፍል ነው፤ ከእሳቸው የዶሮ ቤት የሚለየን አንድ ግድግዳ ነው። ባለፈው ሰሞን አባቴ ዘንድ መጥተው ቁጭ አሉ።

"ያንቱ ልጅ ዘንዶ ታሳድጋለች፤ እኔ ዶሮ አሳድጋለሁ። ግድግዳችን አንድ ነው። ወላሂ ቀበሌ እሄዳለሁ።"

አባቴ በከባድ መኪና ሹፌርነት ያረጁ ሰው ናቸው። አያወሩም። ሲያወሩም እንደ ፍሬን ነው፤ ነገሩ እዚያው ይቆማል።

"የሚመጣው ሳምንት ጁምዓ ሰግጄ ስመለስ፣ ዘይነባም ባለችበት፣ ፊቴ አብይው" አሉኝ። "በሰላም ከሆነ ይቆያል። ካልሆነ ቦርከና ወንዝ ወስጄ እለቀዋለሁ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይጨነቃል። እኔ ደስ አለኝ። ወዲያው ገባሁና "ጁምዓ ከሰዓት ላይቭ እንገናኝ" ብዬ ለጠፍኩ።

አሁን የምነግራችሁን ከዛሬ በፊት ለማንም አልነገርኩም።

ቀበቶ መብላት የነበረበት ባለፈው ጁምዓ ነው። አልሰጠሁትም። ጠግቦ ከሆነ ምግቡን ሲያሸት፣ ሲያመነታ፣ ሲተኛ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ካሜራ ፊት ቶሎ ዘሎ እንዲይዝልኝ ፈለግኩ። ሦስት ሳምንት ሞላው።

ዛሬ ጠዋት ደግሞ የዶሮ ፈንግል ክትባት ዘመቻ ነበር። ከቤት ቤት እየዞርኩ ዶሮ ስይዝ፣ ክትባቱን ዓይኗ ላይ ሳንጠባጥብ፣ ስለቅ ዋልኩ። እጄ፣ እጅጌዬ፣ ሻርፔ፣ ሁሉም ዶሮ ሆኗል። ረፈደብኝና ባጃጅ ተሳፍሬ ስሮጥ ስደርስ ሁሉም ክፍሌ ውስጥ ይጠብቀኛል።

አባቴ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዘይነባ ዱላ ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ሰላም ስልኬን ይዛለች፤ ላይቩ ተጀምሯል።

ልታጠብ ጀሪካኑን ሳነሳው ባዶ ነው። የቧንቧ ውኃ ከሄደ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከእትዬ ዘይነባ ቤት ውኃ መለመን ደግሞ ሞት መሰለኝ። እጄን በሶፍት ጠረግኩት።

ሰላም በሹክሹክታ "ጉጠቱስ?" አለችኝ።

"ፈሪ ያስመስለኛል" አልኳት።

ቀበቶ የሚኖረው በድሮ የሱቅ መስታወት ሣጥን ውስጥ ነው። ታርዳ የቀዘቀዘች ቄብ ዶሮ በቀኝ እጄ ይዤ፣ በግራ እጄ ክዳኑን ከፈትኩና ፊቴን ወደ ስልኩ አዞርኩ። ያልኩትን ቃል በቃል የቀዱ ስላሉ መደበቅ አልችልም። "ቀበቶ እኔን እንደ እናቱ ነው የሚያውቀኝ" ነው ያልኩት።

ቀበቶ እኔን አያውቀኝም። ዶሮ ነው የሚያውቀው።

ፊቱ ሁለት ዶሮ ቀረበለት። አንዷ ቀዝቅዛለች፤ አንዷ ትሞቃለች። የሞቀችዋን ያዘ።

ግራ እጄን፣ ከአውራ ጣቴ ሥር። ወዲያው ደግሞ ክንዴን እስከ ክርኔ ተጠመጠመበት።

ኮመንት ላይ "የጮኸው ማነው?" ብላችኋል። እኔ ነኝ። ሰላም ስልኩን ስለጣለችው ከዚያ በኋላ ያያችሁት ጣራውን ብቻ ነው። ድምፁ ግን ጥርት ብሎ ተላልፏል፤ አልሐምዱሊላህ።

እትዬ ዘይነባ አልጋዬ ላይ ወጥተው "ከድጃ፣ ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?" ይላሉ። ምን እንደሆንኩማ ይታያል።

እጄን ልመንጭቅ ስል አባቴ ክርኔን ያዙኝ።

"አትጎትቺ። ጥርሱ ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፣ ከጎተቱት ሥጋ ይቀድዳል ብለሽ ጽፈሻል።"

አባቴ ፌስቡክ የላቸውም። ዘንዶ ክንዴ ላይ ሆኖ "ማን አነበበልዎ?" ብዬ ጠየቅኩ።

በአገጫቸው አልጋውን አሳዩኝ።

"አንድም አላለፈኝም" አሉ እትዬ ዘይነባ። "የሚያሰጋኝን ነገር ማወቅ የለብኝም?"

አባቴ ጭራውን ፈልገው ያዙና ቀስ እያሉ ይፈቱት ጀመር፤ የጭነት ገመድ እንደሚፈታ ሰው፣ ሳይቸኩሉ። ሰውነቱ ተፈታ። አፉ ግን አልለቀቀም።

"ዘይነባ፣ ቀጥሎስ ምን ይላል?"

"ካልለቀቀ አፉ ጫፍ ላይ ትንሽ አልኮል ጠብ ማድረግ ይላል።"

ሰላም ከሥራ ቦርሳዬ አልኮሉን አምጥታ ጠብ አደረገች። ለቀቀኝ፤ አባቴም ወደ ሣጥኑ መለሱት። የገዛ ትምህርቴን ከአራታችን ማን እንደተማረው ተመልከቱ፤ እትዬ ዘይነባ ናቸው።

እጄ እየደማ ሳለ አባቴ አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"የበላው መቼ ነው?"

"ባለፈው ሳምንት።"

"ባለፈው ሳምንት አልለጠፍሽም" አሉ እትዬ ዘይነባ።

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። ነገርኳቸው።

አባቴ ደሜን በሶፍት ጠረጉልኝ። ከዚያ "ለሰው ልታሳዪው ብለሽ አስራብሽው?" አሉኝ። ድምፃቸውን አላነሱም። ከንክሻው ይልቅ ይሄ አመመኝ፤ አሁንም ያመኛል።

ተነስተው ጉጠቱን ከግድግዳ አወረዱ። ቄቧን ለብ ባለ ሻይ ማፍያ አጠገብ ትንሽ አቆይተው በጉጠት ራቅ አድርገው አቀረቡለት። ወሰደ። ክዳኑን ዘግተው ድንጋይ ጫኑበት። በቃ። ለዚህ ነው እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ሊቅ የሆንኩት።

ጤና ጣቢያ የቴታነስ መርፌ ልወጋ ሄድኩ። ነርሷ ካርዱን ስትሞላ "ምን ነከሰሽ?" አለችኝ።

"ዘንዶ።"

"የት?"

"ቤቴ።"

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች። "ውይ፣ ቀበቶ ነው? እሱስ ደህና ነው?"

ስመለስ ስልኬ ጮኸ። አለቃዬ ነው። የክትባት ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል ብዬ ደብዳቤ ስጽፍለት መልስ ሰጥቶኝ የማያውቅ ሰው፣ ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ እንዳየው ነገረኝ። ማቀዝቀዣውን አነሳሁበት። ኔትወርኩ ተቆራረጠበት።

ማምሻውን አባቴ ፍርዳቸውን ሰጡ።

"እንስሳው አላጠፋም። ርቦታል፣ ዶሮ ሸተተው፣ ያዘ። በፈተናው የወደቅሽው አንቺ ነሽ።"

ስለዚህ ቀበቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠግቦ ይበላና ወደ መጣበት ጨፋ ይመለሳል። እስከዚያ የሚያበሉት አባቴ ናቸው። መመሪያውን የሚያነቡላቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። እኔ ውኃ እቀዳለሁ።

"የምንለቀው ቀን ቪዲዮ ብናነሳስ?" ብዬ ጠየቅኩ። አባቴ ባዶውን ጀሪካን አቀበሉኝ። ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።

አሁን አንድ እጄ በፋሻ ተጠቅልሎ በአንድ አውራ ጣት ነው የምጽፍላችሁ። ዛሬ ብቻ የተከታዮቼ ቁጥር ከሁለት ዓመቱ በላይ ጨምሯል። እንኳን ደህና መጣችሁ።

ነገ የምለጥፈው ስለ ፈንግል ክትባት ነው። ማንም አይነከስም።

እስቲ በአላህ፣ ስንቶቻችሁ ትቆያላችሁ?