ለአማት የተቀነሰ ፍጥነት

ወንድ ልጅ አርባን ካለፈ በኋላ የሚያጠብቀውና የሚያላላው ነገር ይፈልጋል። ምንም ይሁን ምን፣ ብቻ ብሎን ይኑረው። ቤት ውስጥ ያለውን የቀረውን ነገር ሁሉማ ሚስቱ ቀድማ አጥብቃዋለች። አንዱ አሮጌ መኪና ይገዛና ኮፈኑን ከፍቶ እንደጎነበሰ ይውላል፤ ሌላው የቤተ ክርስቲያን ኮሚቴ ይገባና የድምፅ ማጉያውን ሲነካካ ቅዳሴው ያልቃል። እኔ ደግሞ፣ አትሳቁብኝና፣ የቀለም ጠመንጃ አስተካክላለሁ።

ፔይንትቦል የሚባለውን ጨዋታ የማታውቁት ካላችሁ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። የቤት ዕዳ የሚከፍሉ ትልልቅ ሰዎች ጭንብል አጥልቀው ሜዳ ላይ ይራወጣሉ፤ ቀለም የተሞላች ትንሽ እንክብል በታመቀ አየር ይተኳኮሳሉ። እንክብሏ ሰውዬው ላይ ከፈነዳች ከጨዋታ ይወጣል። ሳትፈነዳ ነጥራ ከወደቀች ግን እንዳልተመታ ይቆጠራል፤ ይቀጥላል። ይቺን ሕግ ያዙልኝ።

ጠመንጃው በብሩጎላ መፍቻ የምትዞር አንዲት ብሎን አለችው። ወደ ቀኝ ስታዞሯት እንክብሏ ትፈጥናለች፣ ከጠመንጃው ጋር የተገጠመው የአየር ታንክ ግን ቶሎ ያልቃል። ወደ ግራ ስታዞሯት እንክብሏ ትለዝባለች፣ አየሩም ይበረክታል። ሜዳው በሩ ላይ የፍጥነት መለኪያ አቁሞ በሰከንድ ከሁለት መቶ ሰማንያ ጫማ በላይ የሚተኩሰውን አያስገባም፤ ከዚያ በታች ለሆነው ግን ደንታ የለውም። እንግዲህ ሳይነጥር የሚፈነዳበትን፣ አየርም የማይባክንበትን ቦታ ፈልጎ ማግኘት ነው ሥራው። የኔ ታንክ ከጓደኞቼ ታንክ ሁሉ ሲበረክት የሚሰማኝን ደስታ አንድ ቀን ለባለቤቴ ላስረዳት ሞከርኩ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና ቆሻሻውን እንዳወጣ ነገረችኝ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሳሚ እዚህ ኮሎራዶ፣ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮን የሚጫወት ጓደኛችን ነው። ቤዛ የምትባል ነርስ ሊያገባ ፈልጎ ለአባቷ ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። አንዱ እኔ ነኝ። ለሽምግልና የበቃሁት በዕድሜዬ ሳይሆን ሁላችንንም የሚይዝ መኪና ስላለኝ ነው። የቤዛ አባት ጋሽ ወንድይፍራው ይባላሉ፤ ስማቸው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ከኤርፖርት ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዛሬ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ የሚገመግሙ ሰው ናቸው።

መጀመሪያ ስንሄድ ከቤተሰብ ልማከር ብለው መለሱን። ቀጥሎ ስንሄድ ልጅቷ ገና ናት አሉ፤ ልጅቷ ሠላሳን አልፋለች። ይሄ ወጉ ነው፣ አልከፋንም። በሦስተኛው ግን ነገሩ ጠና። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የሚጠፋው ብለው ጠየቁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ዞረው እኔን አዩ። እውነቱን ተናገርኩ። ጋሽ ወንድይፍራው፣ ሰው ከዳር ቆሞ በማየት አይታወቅምና ራሴ ገብቼ እጫወታለሁ፣ መልሴንም ከዚያ በኋላ እሰጣለሁ አሉ።

ሳሚ ያን ሳምንት እንቅልፍ አጣ። የልጅቷን አባት ቢመታ ነውር ነው፤ ባይተኩስ ደግሞ ፈሪ ሊባል ነው። ሲጨንቀው ጋራዤ ድረስ መጣና፣ ጋሼ ቢመቱ እንኳ እንዳያማቸው፣ የሱንም በሱ ወገን የሚሰለፉትንም ሁሉ ጠመንጃ እንድቀንስለት ለመነኝ። እስቲ አስቡት፣ በመላው ኮሎራዶ እንዲህ ያለ ልመና የሚሰማበት ሌላ ጋራዥ ይኖራል? እኔ ደግሞ የሚዞር ነገር ካገኘሁ አልምርም። ወደ ግራ አዞርኩ፤ ደግሜ አዞርኩ። ጋራዤ ያለው መለኪያ መቶ ሰባ ሲል እንክብሏ ከአፈሙዙ የምትወጣው ይቅርታ እየጠየቀች ነበር። የአየሩ ቁጠባ ግን! እንዲህ ያለ ቁጠባ በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ወንድይፍራው ጉዳዩ የጋብቻ ነውና በሙሉ ልብስና በከረባት፣ ከላይም ወፍራም የብርድ ካፖርት ደርበው መጡ። ካፖርቱን ከሒሳብ አላስገባሁትም ነበር። ቤዛ በአባቷ ወገን ተሰለፈች። ፊሽካው እንደተነፋ ጋሽ ወንድይፍራው ሳይሮጡ፣ ሳይጎነበሱ፣ ባንክ እንደሚገባ ሰው ቀጥ ብለው ሜዳውን አቋርጠው ወደኛ መጡ። ተኮስን። እንክብሎቹ ካፖርቱ ላይ እያረፉ፣ እየነጠሩ ሣሩ ላይ ወደቁ። ዳኛው ሮጦ መጥቶ ፊትና ኋላቸውን አየ፤ ቀለም የሚባል ነገር የለም። አልተመቱም፣ ይቀጥሉ አለ።

ቀጠሉ። የሳቸው የኪራይ ጠመንጃ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ነው። አንድ በአንድ ለቀሙን። እኔን ያስወጣችኝ ግን ቤዛ ናት፤ ጀርባዬ ላይ ሁለት ጊዜ ደገመችኝ። "ሶሪ፣ ጋሼ" አለች። ሽማግሌዋ መሆኔን ረስታው ይሁን አስታውሳው እስከ ዛሬ አላወቅኩም። እሷንም በኋላ አንድ የኛ ሰው ጠመንጃዋን መታባት፤ ብረት ላይ ሲያርፍ የኔም እንክብል ይፈነዳል። መጨረሻ ላይ ሜዳው ላይ የቀሩት ሳሚና ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ ነበሩ።

ጋሽ ወንድይፍራው ሳሚ ላይ አነጣጠሩና ምላጩን ሳቡት። ፉስ አለ። ያለ ስስት ሲረጩት የዋሉት አየር አልቆ፣ እንክብሏ ተንከባልላ የተወለወለ ጫማቸው ላይ ወደቀች። የሳሚ ታንክ ግን ከግማሽ በላይ አየር ነበረው። ከሜዳው ዳር ካለው መረብ ጀርባ ሆኜ ኩራት ተሰማኝ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

"አየር አለህ?" አሉት።

"አለኝ።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

ሳሚ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ፣ እርስዎ ላይ አልተኩስም፣ እጄን ሰጥቻለሁ አለ።

"እኔን ፈርተህ ከተመለስክ ከልጄ ጋር እንዴት ልትኖር ነው? ተኩስ" አሉት።

ሳሚ ተኮሰ። ነጠረ። እንደገና ተኮሰ፤ ነጠረ። ሦስተኛዋ ነጥራም አልወደቀች፤ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ገባች። ጋሽ ወንድይፍራው እጃቸውን ከተው አወጧት፤ ድፍን እንዳለች በጣታቸው አገላበጧት። ከዚያ መረቡ ጀርባ የተኮለኮልነውን አዩን። ሁሉም ዞሮ እኔን አየ። ቤዛ ሳቋ አሸንፏት መሬት ላይ ቁጭ አለች። አባቷ እንክብሏን መልሰው ኪሳቸው ከተቱና መልስ ሳይሰጡ ሄዱ። ሳሚ ጭንብሉን አላወልቅም አለ። እያለቀሰ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል፤ አንጀቴን በላው።

በሳምንቱ ጋራዤ ተንኳኳ። ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፤ ያንኑ ካፖርት ለብሰው፣ አዲስ ጠመንጃ ከነካርቶኑ ታቅፈው። ልጁን ተቀብያለሁ፣ ለሌሎቹ ሽማግሌዎችም ንገር አሉኝ። ከዚያ ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

"ይሄን ሕጉ እስከፈቀደው ድረስ ከፍ አድርግልኝ።"

ደስ ብሎኝ፣ የሳሚንስ ወደ ቦታው ልመልስለት አልኳቸው።

"የሱን እንዳትነካው" አሉ። በር ላይ ሲደርሱ ትንሽ አዘኑለት መሰለኝ፣ ዞሩ። "ሲወልዱ አንድ ዙር ትጨምርለታለህ።"

ሰርጉ በልተን ጠጥተን አለፈ። ቅዳሜ ቅዳሜ አማትና አማች ይጫወታሉ፤ አማት ይመታሉ፣ አማች ያስነጥራል። ሳሚ ስንት ጊዜ ለመነኝ። እኔ ግን ሽማግሌ ነኝ፣ የተስማማንበትን አላፈርስም።

ባለፈው ሳምንት ሳይደውል ጋራዤ መጣ። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እንቅልፍ የራቀው ይመስላል፣ ትከሻው ላይም የሕፃን ወተት ደርቋል። ብሩጎላዬን አንስቼ አንድ ዙር ወደ ቀኝ አዞርኩለት። ከእንግዲህ አየሩ እንደ ድሮው እንደማይበረክትለት ግን ነግሬዋለሁ።