ላም ፍለጋ በቀለም ካታሎግ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ሦስት ነው፤ ወሩ ኅዳር። ዝናቡ ከወጣ ሰንብቷል፣ ሰማዩ አንድ ጉድፍ የለበትም፣ ጠዋት ጠዋት ከቦርከና ወንዝ በኩል የሚመጣው ብርድ ፀሐይ ጠንከር ስትል ይጠፋል። ለአጨዳ የሚሆን አየር ነው። እኔ ግን በዚያ ኅዳር ከማሽላው ይልቅ የቀለም ካታሎግ ሳገላብጥ ነው የሰነበትኩት።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛን የጨፋ ገበሬዎችን ቀለም አታውቁም የሚለን የከተማ ሰው አለ። ውሸቱን ነው። ከብት ሲጠፋብን ለመንገደኛው ምን ብለን የምንነግረው መሰላችሁ? ዳማ፣ ጉራቻ፣ ቡሬ፣ ሐመር፣ ዳለቻ እንላለን፤ መንገደኛውም አማርኛ ይናገር ኦሮምኛ፣ ከሦስት መቶ ከብት መካከል ያቺኑ ለይቶ ያመጣልናል። ችግሩ ሌላ ነው። እኛ መልክ ስንለይ የኖርነው አራት እግር ላለው ነገር ነው። ግድግዳ እግር የለውም። አይጠፋም፣ ገደል አይገባም፣ ከጎረቤት ከብት ጋር አይቀላቀልም፤ ታዲያ መልኩን ለማን ትነግሩታላችሁ? እስከዚያ ዓመት ድረስ የኖርኩበት ቤት ቀለሙ የጭቃው ቀለም ነበር፤ ጭቃውን ደግሞ የመረጠው አላህ ነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ሰዓዳ ናት። ጅዳ ከሄደች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በየዓመቱ «በሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» ትላለች፤ በየዓመቱ በእሷ ፈንታ አንድ ነገር ይመጣል። መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ መሠረቱ፣ ቀጥሎ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ቆርቆሮው። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሚሴ ከተማ ጫፍ ላይ የብሎኬት ቤት ቆመ። እናቷ ከድጃ ቤቱን ስታይ ልጇን ያየች ይመስላታል። እኔ አይመስለኝም። ቤት አይስቅም። ይህን ግን ለማንም አልተናገርኩም፤ ብዙ የመናገር ልማድ የለኝም፣ በስልክ ደግሞ ጭራሽ። ሰዓዳ ስትደውል የምላት ሁለት ነገር ነው፤ «ደኅና ነሽ?» እና «እንቺ፣ እናትሽን አነጋግሪ»።

የከሚሴን ዳር ዳር ዞራችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ቤት ሮዝ ነው፣ አንዱ የሎሚ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ፣ አንዱ ብርቱካን። ያማረ ቀለም ባያችሁ ቁጥር የአንድ ሰው ልጅ አረብ አገር ናት ማለት ነው። ወደ ውስጥ ብትገቡ ክፍሉ ሁሉ ተቀብቶ፣ ተጠርጎ፣ መጋረጃው ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። የሚኖሩበት ግን አንድ ዘበኛና ጥቂት ዶሮዎች ናቸው። ዶሮዎቹ በቀለሙ ደስተኞች ይመስላሉ።

የእኛም ቤት ልስኑ አለቀ፣ ኮርኒሱ ተመታ፣ የቀረው ቀለም ሆነ። ቀለም ቀቢው እንድሪስ ይባላል፤ ከኮምቦልቻ ያስመጣነው ነው። እጁ ጎበዝ ነው፣ አፉ ከእጁ ይበልጣል። በመጣ ቀን አንድ ወፍራም ካታሎግ ዘረጋልኝ። በየገጹ ጥፍር ጥፍር የሚያካክሉ ቀለሞች ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ስም የሌለው መልክ ያን ቀን አየሁ።

«የሚያብረቀርቅ ይሁን የማያብረቀርቅ?» አለኝ። «የሚያብረቀርቀው ይታጠባል፤ ግን የግድግዳውን ጎድጓዳና እብጠት ሁሉ ያሳጣል። የማያብረቀርቀው ጉድለት ይሸፍናል፤ ግን አንዴ የነካውን ነገር አይለቅም፣ ምልክቱ ይቀርበታል።»

የመጀመሪያው ከድጃን መሰለኝ። ሁለተኛው ራሴን።

«ልጅቷን ጠይቃት» አልኩ።

ጠየቃት። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎ መካከላችን አስቀመጠው። እሷም ጅዳ ሆና፣ ቤቱን አንድ ቀን በዓይኗ ሳታየው፣ እንደ መሐንዲስ ታዘው ጀመር። ሳሎኑ ክሬም፣ የውሃ ቀለም፤ ከወገብ በታች ግን የጎረቤት ልጅ በእጁ ስለሚነካው የሚታጠብ የዘይት ቀለም። የእኔና የእናቷ መኝታ ሰማያዊ። («ሰማይ ውስጥ ልተኛ ነው?» አልኩ፤ የሰማኝ የለም።) ማድ ቤቱ ጭስ እንዳይዘው ሙሉ በሙሉ የዘይት፣ ቢጫ።

«የአንቺስ ክፍል?» አለ እንድሪስ።

«የኔን? ለሱ አትጨነቁ። አባ ደስ ያለውን ይምረጥበት። ያው እንግዳ ሲመጣ የሚያድርበት ነው።»

ቆማ ስትሰማ የነበረችው ከድጃ ሻሿን አስተካክላ ወደ ጓሮ ወጣች። እኔ የተገለበጠ ባልዲ ላይ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። የሁሉንም ክፍል ቀለም ታውቃለች፤ የራሷን አታውቅም። ሰው የማይተኛበትን ክፍል ቀለም ለምን ብሎ ይመርጣል? አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «በሚቀጥለው ዓመት» ስትል ያልገባኝ ነገር ያን ጠዋት በአንድ ቃል ገባኝ። «እንግዳ» አለች።

እንግዲህ የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ሌላ አባት ቢሆን ስልኩን ነጥቆ «ልጄ፣ ናፍቀሽኛል፣ ነይ» ይል ነበር። እኔ አልልም። ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም፤ ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ ይመጣና እንደ ሰነፍ በሬ እዚያው ይተኛል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ስትሰማው ጓዟን የሚያስጠቀልል ቀለም አገኝላታለሁ አልኩ። አትሳቁ። ምላስ የከበደው ሰው የማያስበው ነገር የለም።

«ዳለቻዋን አስመስለህ ቀባው» አልኩት እንድሪስን።

ዳለቻን ላስተዋውቃችሁ። ሰዓዳ ሰባት ዓመት ሲሆናት የተወለደች ላማችን ናት። እናቷ በእርግጥ ዳለቻ ነበረች፣ አመድ የመሰለች፤ በወለደች በሳምንቷ ሞተችብን። ሰዓዳ ጥጃዋን በጣሳ ወተት እያጠጣች አሳደገቻትና የእናቷን ስም አወጣችላት። ጥጃዋ ግን ዳለቻ አልነበረችም። ነጭ አይደለች፣ ቀይ አይደለች፤ የፈላ ወተት ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚይዘውን ስልባቦት ታውቁት የለ? እሱን ነበር የምትመስለው። «መልኳ ሌላ ነው፣ ስሟን ቀይሪው» ብላት «የእናቷ ስም ይጠራባት» አለችኝ። ይህን ያለችው የሰባት ዓመት ልጅ ናት።

እንድሪስ ግራጫውን ገጽ ገልጦ አሳየኝ። «ይኸው ዳለቻ! ከፈለጉ ጠቆር ያለ፣ ከፈለጉ ነጣ ያለ።»

«ይህ አይደለም። ዳለቻ ስሟ ነው እንጂ መልኳ አይደለም።»

«ኧረ አባ! ዳለቻ ያልሆነች ዳለቻ ደግሞ እንዴት ያለች ናት?»

«ውበት ማለት ነው ብለው ጀማል ያሉት መልከ ጥፉ አታውቅም?»

አሰብ አደረገና «አጎቴ!» አለ።

ተግባባን፤ ቀለሙን ግን አላገኘነውም። አንዱ ይነጣል፣ አንዱ ይቀላል። በሐሳቤ ውስጥ ያለችው ላም ከወረቀቱ ጋር አልገጥም አለች። በዓይኔ ካላየኋት አይሆንም፤ ላሟ ደግሞ የለችም። ሰዓዳ ስትሄድ ለመንገዷ ብለን ሰንበቴ ገበያ ወስደን ሸጠናታል። ገመዷን ይዛ እስከ ገበያው የወሰደቻት ራሷ ሰዓዳ ነበረች። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አልተናገረችም። እኔም አልተናገርኩም። ዝምታውን የወረሰችው ከእኔ ነው።

በገበያው ቀን ካታሎጉን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ሰንበቴ ወረድኩ። እዚያ ከአፋር የሚመጣው ከብትና ከደጋ የሚወርደው ይገናኛሉ፤ አላህ የፈጠረው መልክ ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይቆማል። እሷን የምትመስል አንዲት አትጠፋም ብዬ ነው። ከአንዷ ላም ጎን ቆምኩና ገጹን ገልጬ አስጠጋሁባት። አልገጠመም። ወደ ሌላዋ ሄድኩ። ሦስተኛዋ ላይ ስደርስ አንድ የማውቀው ደላላ ከኋላዬ መጣ።

«የሰዓዳ አባት! አካም ቡልታኒ፣ እንዴት አደሩ? ምንድን ነው ይዘው የሚዞሩት፣ የክትባት ካርድ ነው?»

«ቀለም ነው።»

«ላም ሊቀቡ ነው?»

መልስ አልሰጠሁትም። ይህ ስህተቴ ነበር። ገበያ መካከል ወረቀት ይዞ ዝም ያለ ሰው ወይ የመንግሥት ነው ወይ ሌባ። ብዙም ሳይቆይ «ከብት በመልኩ ሊመዘገብ ነው አሉ» የሚል ወሬ ከፊቴ ከፊቴ ይሄድ ጀመር። አንዱ በሬውን ጎትቶ ከሌላ ሰው በሬ ኋላ ደበቀው። አንዱ ደግሞ ዥጉርጉር ቡሬ ወይፈኑን አቅፎ «ወላሂ ይንገሩኝ፣ ቡሬ ግብሩ እንደ አንድ መልክ ነው ወይስ እንደ ሁለት?» ብሎ በቁም ነገር ጠየቀኝ። እኔ ወደሚቀጥለዋ ላም አለፍኩ። ሰውዬው የሁለቱን አዘጋጅቶ የሄደ ይመስለኛል።

በመጨረሻ አንድ ግራር ሥር አገኘኋት። አንዲት በዕድሜ የምታክለኝ ሴት የያዘቻት ጊደር ናት። ስልባቦት። ገጹን ገለጥኩ፣ አስጠጋሁ፣ ገጠመ። ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ ጣቴን ጫንኩበት። ይህን ጊዜ ጊደሯ ከጥላው አንድ እርምጃ ወደ ፀሐይ ወጣችና ሌላ ገጽ ሆነች። ተመለሰች፤ ደግሞ ሌላ። እኔም አብሬያት ወዲያና ወዲህ፣ ገጽ ስገልጥና ስመልስ፣ ሴትዮዋ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

«ወንድምዓለም፣ ልትገዛት ነው ወይስ ልታጫት?»

ሳቅኩ። ከሳቅኩ ቆይቻለሁ መሰለኝ፣ ሳቁ አፌን ከፈተው። ለሚስቴ እንኳ ያልነገርኩትን ለማላውቃት ሴት ቁጭ ብዬ ነገርኳት። ሰዓዳን፣ ክፍሏን፣ እንግዳ ያለችውን፣ ላሟን፣ ገመዱን።

ሰምታ ሰምታ የጊደሯን ገመድ እጇ ላይ ጠቀለለችና፣ «ላሟን ሸጣችሁ ስታበቁ፣ አሁን ቆዳዋን ግድግዳ ላይ ልትዘረጋላት ነው?» አለችኝ።

ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንደቀልድ ነው ያለችው። እኔ ግን ካታሎጉን ዘጋሁት። እኔ ያን ቀለም ሳስብ የማየው ጣሳ ይዛ የምትሮጥ ልጅ ነው። እሷስ? ገመዱን ለሰው ሰጥታ ባዶ እጇን የተመለሰችበትን ቀን ታይ እንደሆነ በምን አውቃለሁ? ጠይቄያት አላውቅም። ጠዋት ዓይኗን ስትገልጥ ያቺ ቀን ሁለት እጅ ተቀብታ ፊት ለፊቷ ብትቆምባትስ? በወረቀት ላይ ከተደረደረው ሁሉ የልጄን ልብ የሚያውቅ ቁጥር አልነበረም። እኔም አላውቀውም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እንድሪስ ሮለሩን ይዞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። የሌሎቹን ክፍሎች ጨርሷል። ሳሎኑ ያምራል፤ ሰማያዊው መኝታም፣ እውነት ለመናገር፣ እንደፈራሁት አይደለም። የሰዓዳ ክፍል ብቻ ከቀለም በፊት የሚለሰነውን ስቱኮ እንደለበሰ ቆሟል።

«ቁጥሩን አገኙት?»

«አላገኘሁትም። ይህ ክፍል አይቀባም።»

«አባ! አንድ ክፍል ትቶ ሄደ ቢባል እስከ ኮምቦልቻ ስሜ ይጠፋል። ክሬም ላድርገውና ልሂድ። አብሽሩ፣ ክሬም ማንንም አያስከፋም።»

«ማንንም አያመጣም» አልኩትና ስልኬን ሰጠሁት። «ይልቅ ቁጥሯን ምታልኝ።»

ሁለቴ ጠርቶ ተነሣ። «አባ?» አለች ደንግጣ። «ምን ሆናችሁ? እማ ደኅና ናት?» እኔ ደውዬላት አላውቅም፤ የሰው ሞት ላረዳት መስሏት ነው።

«ደኅና ነን። ክፍልሽን አላስቀባሁትም።»

«ምረጥ አልኩህ እኮ።»

«አቃተኝ። ሰንበቴ ድረስ ሄጄ ነበር።»

«ሰንበቴ? ሰንበቴ ደግሞ ቀለም ይሸጣል እንዴ?»

«አይሸጥም።» ትንፋሽ ወሰድኩ። «የሚተኛበት ሰው ይምረጠው። እንግዳ አላስገባበትም። ነይና ምረጪ።»

ነይ። ወጣች። ይህን ያህል ዓመት ጉሮሮ ውስጥ የሚያስቀምጥ ነገር የሌላት አጭር ቃል ናት።

እንድሪስ ሮለሩን መሬት አስቀመጠ። «በሚቀጥለው ዓመት፣ ኢንሻአላህ» ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«መስኮቱ ወዴት ነው የሚያየው?» አለች።

የዚህን ቤት መሠረቱን፣ ቆርቆሮውን፣ የበሩን እጀታ ሳይቀር ጠይቃለች። የራሷን መስኮት ጠይቃ አታውቅም ነበር።

«ወደ ምሥራቅ።»

«ጠዋት ፀሐይ ይገባዋላ?»

«እስከ አልጋው ድረስ።»

«አልጋ አለው?»

«ይኖረዋል።»

«እንግዲያውስ ሳላየው አልመርጥም» አለች። «እንዳታስነካው፣ አባ።»

ይህ እመጣለሁ ማለት ይሁን አይሁን አላውቅም። ከድጃ ማለት ነው ትላለች፤ እንድሪስ ማለት አይደለም ይላል፤ የከሚሴ ሰው ክፍሉን ያልቀቡት ገንዘብ አልቆባቸው ነው ይላል። ይበል። እኔ ግን ክፍሉ ባለቤቱ እስክትመጣ እንዳለ ይቆይ ብዬ ወሰንኩ። እንድሪስን ባልዲውን አሸክሜ ሸኘሁትና በዚያው አንድ አናጢ ዘንድ ሄጄ ለአንድ ሰው የሚሆን አልጋ አዘዝኩ።

አናጢው ልኩን ከጻፈ በኋላ «ቫርኒሹስ? የሚያብረቀርቅ ይሁን የማያብረቀርቅ?» አለኝ።

«እንጨቱን ብቻ ሥራ» አልኩት።