አሥር ያልሞላ ሟች

የዘመናችን ሰው መቁጠር ይወዳል። የዚህ እምነት ተከታይ ስንት ነው፣ የዚያኛውስ ወገን ስንት ነው፣ ማንኛው ይበልጣል እያለ ሲያመዛዝን ይውላል፤ ሰውን እንደ ጤፍ በቁና ሊሰፍር ጥቂት ነው የቀረው። እኔ በልጅነቴ የተማርሁት ግን «ሕዝቤ ስንት ነው» ብሎ መመካት በንጉሥም ላይ መቅሠፍት ማምጣቱን ነው። ይህን ስላወቅሁ ከነገሩ ንጹሕ ነኝ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ቁናውን ያበጀሁት እኔው ነኝ።

የሰበታው እድራችን ክርስቲያኑንም እስላሙንም አቅፎ የኖረ ነው። ከዓመታት በፊት ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ የአንዲት እምነት ተከታዮች «በሥርዓታችን እንቅበር፤ ድንኳኑን ግን አትንፈጉን» ቢሉ፣ መተዳደሪያ ደንቡን የማርቀቁ ሥራ ለእኔ ለመሪጌታው ተሰጠ። እኔም ቃላቱን እያሽሞነሞንሁ «ልማዱ ከብዙኃኑ የተለየ ወገን አሥር አባወራ ከሞላ ድንኳን ይገባዋል» ብዬ ጻፍሁ። እነሱ አሥራ አንድ ነበሩ። ተጨበጨበልኝ። ኮራሁ።

ባለፈው ሳምንት የአዴ ጫልቱ ልጅ ሞተ። አዴ ጫልቱ በዓለም ገና መንገድ ዳር አትክልት የሚሸጡ፣ ከማንም ለቅሶ ቀርተው የማያውቁ አባላችን ናቸው። ልጃቸው ከወንድ ጋር ይኖር ነበር ተብሎ ይታማል። እውነት ይሁን ሐሜት እኔ አላውቅም፤ የእድሩ ጸሐፊ አቶ ደረጀ ግን በአስቸኳይ ስብሰባው ላይ ደንቡን ገልጦ ተነሣ።

«እማማ፣ የእርስዎ ልጅ ልማዱ የተለየ ነው። እነዚያ አሥራ አንድ አባወራ ናቸው። የልጅዎ ዓይነትስ ስንት ነው? አሥር ይሙላና ድንኳኑን ይውሰዱ።»

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ «ዘጠኙን ከየት ላምጣ፣ ልጄ? እኔ የወለድሁት አንድ ነው» አሉ።

ደሜ ፈላ። ኃጢአት ኃጢአት መሆኑን እስከ ዛሬ አስተምሬአለሁ፤ ነገም አስተምራለሁ። ነገር ግን እጁን ያወጣ በሚወገርበት አደባባይ «ስንት ናችሁ?» ብሎ መጠየቅ ምን የሚሉት ቆጠራ ነው? አሥራ አንዱ ስለ ተገለጡ ተቆጠሩ፤ ያኛው ወገን ሦስት ይሁን ሦስት መቶ ማን ደፍሮ ይናገራል? ደግሞስ እናት የምታለቅሰው በአባወራ ብዛት ነውን?

በከዘራዬ ተደግፌ ተነሣሁና «በዚህ አዳራሽ ቅኔ የሚቀኝ እጁን ያውጣ» አልሁ። አንድ እጅ ወጣ። የራሴ።

«እንግዲያው እኔም አሥር አልሞላሁም። ስሞት ለቅሶዬ ሜዳ ላይ ይሁን።»

«ኧረ መሪጌታ፣ አንቱማ ሌላ ነዎት» አለ ደረጀ።

«ሌላ መሆኔን እኮ ነው የምነግርህ!»

የእድሩ ዳኛ ኦቦ ገመቹ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። «የሞተው የአባላችን ልጅ ነው። ድንኳኑ ይውጣ» አሉ።

ወጣ። ከሳቁት ገሚሶቹ ለቅሶው ላይ አልታዩም፤ አሥራ አንዱ አባወራዎች ግን አንድ ሳይጎድሉ፣ አግዳሚ ወንበር ተሸክመው መጡ። ደረጀም መዝገቡን ታቅፎ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«መሪጌታ፣ በየትኛው አንቀጽ ሰጠን ልበል?»

መዝገቡን ተቀበልሁትና በገዛ እጄ የጻፍሁትን አንቀጽ በገዛ እጄ ሰረዝሁት።

«ያለ ምልዓተ ጉባኤ ደንብ አይሰረዝም እኮ!» አለኝ ደንግጦ፤ ዓይኑም ድንኳኑ ውስጥ በተቀመጡት አባላት ላይ አንድ በአንድ ይዞር ጀመር።

አያችሁ? አሁንም ሊቆጥር።