ኩቢዝም ነፍሱን ይማር

ለመሆኑ ሥዕል ለብሶ የሚዞር ሰው አጋጥሞዎት ያውቃል? እኔ ግን ጎረቤቴ ነው። ፔዳ በሚሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢ ዲዛይን ያስተምራል። ስለ ሸሚዙ ቁልፍ ቢጠይቁት እንኳ ከፓሪስ ሠዓሊዎች ነው የሚጀምር። ኩቢዝም የሚሉት የሥዕል ስልት የሰውን ፊት በማዕዘን ሲቆራርጥ ኖሮ፣ ከሸራ ወደ ቀሚስ ወርዶ፣ ከዘመን ዘመን ተሻግሮ ጣና ዳር ደረሰ አሉ። ያረፈው እሱ ትከሻ ላይ ነው።

ባለፈው እሑድ የነጠላውን ጥለት ወደ አንገቱ አዘቅዝቆ ብቅ አለ።

«ጥለት መስመር ነው፤ መስመር ፊትን ይቆርጣል» አለኝ።

እኛ ዘንድ እንዲህ የሚለብሰው ሐዘንተኛ ነው ልለው አፌን ስከፍት፣ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ አይተውት ኖሮ ደረታቸውን እየደቁ ደረሱ። ወዲያው ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ የእድሩ ድንኳንም ተተከለ።

«ማን ሞቶበት ነው?» ብለው ለቀስተኞቹ ጠየቁኝ።

«ኧረ እንዲህ ያደረገው ኩቢዝም ነው» አልሁ።

«ወይኔ ኩቢዝም!» ብለው ለቅሶውን አቀለጡት።

ወዳጄ «ኩቢዝም እኮ አይሞትም!» እያለ ቢጮኽ፣ «ምነው ባልሞተ!» እያሉ አስለቀሱት። አዎ፣ አለቀሰ፤ ያን ሁሉ እንባ ማን ይችላል?

በመጨረሻ የነፍስ አባቱ ጠጋ ብለው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ለፍትሐቱ የክርስትና ስሙን ንገረኝ» አሉት።

እንባውን በጥለቱ ጠረገና፣

«ወልደ ማዕዘን» አለ።